ኮባውን የሚገድለው ብርዱ አይደለም

ዛሬ ከፖለቲካው አንድ እርምጃ ወጣ ልበል። «አገሩ እንዲህ ሆኖ ስለ ፖት ተክል ታወራለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሱኝ። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው ይህን በመስከረም ካነበበው ይጠቅመዋል፣ በጥር ካነበበው ግን ሳይረፍድበት አይቀርም።

እንሰት፣ ብዙዎቻችን ኮባ የምንለው፣ ፈረንጅ አገር የጓሮ ጌጥ ነው። በሻንጣ ደብቆ ማምጣት አያስፈልግም፤ የጤና ምስክር ወረቀት የሌለው ተክል ኤርፖርት ላይ ይያዛል። እዚያው ችግኝ መሸጫ «የአቢሲኒያ ሙዝ» በሚል ስም ይሸጣል። በጸደይ የገዛ ሰው በበጋው ትልልቅ ቅጠል ያይበታል፤ ድፎውንም በፎይል ፈንታ በራሱ ኮባ ሊጋግር ይችላል (የተረጨ መድኃኒት እንደሌለው ያጣራ እንጂ)።

ችግሩ የሚመጣው ብርዱ ሲገባ ነው። ሐበሻ ለሚወደው ነገር የሚሰጠው ሳሎኑን ነው። ኮባው ተጎትቶ ይገባና ሂተሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ እንደ እንግዳ በየቀኑ ውኃ ይጠጣል። ጥር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ግንዱ ከታች ይላላል። ባለቤቱም «የዚህ አገር ብርድ ገደለው» ይላል።

እኔ ፍርዱን አልቀበለውም። የገደለው ሙቀትና ውኃው ነው።

«ትሮፒካል» የምትለው ቃል ናት ያሳሳተችን። ፈረንጅ ከምድር ወገብ አካባቢ የመጣውን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ከቶ «ሙቀት ይወዳል» ይላል፤ እኛም ተቀብለን እንደግመዋለን። እንሰት ግን በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚበቅል የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ጨንቻ ወይም ሀገረ ሰላም ያደረ ሰው ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ውርጭ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፣ ውርጩ ከጠና ራሱንም ይገድለዋል። ቀዝቃዛ ክፍል ግን ለሱ ቤቱ ነው። ከዚህ በላይ የጎደለው ብርሃን ነው። ሚኒያፖሊስ በታኅሣሥ ቀኑ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ክፍሉ ሞቆ ብርሃን ሲጠፋ ተክሉ ለማደግ ይታገላል፣ ምግብ የሚሠራበት ግን የለውም። ያልጠጣው ውኃ ሥሩ ላይ ተኝቶ ያበሰብሰዋል።

መፍትሔው ለሚያየው ጭካኔ ይመስላል። ከባድ ውርጭ ሳይመጣ ተክሉን ነቅሎ አፈሩን ማራገፍ፣ ከመሐል ከሚወጣው ለጋ በቀር ቅጠሉን መቁረጥ፣ በቅጠሎቹ እቅፍ የተጠራቀመው ውኃ እንዲወርድ ለጥቂት ቀን ዘቅዝቆ ማቆየት፣ ከዚያ በጋዜጣ ወይም በጆንያ ጠቅልሎ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ በሆነ ቤዝመንት ወይም ጋራዥ ማስቀመጥ። ውኃ የለም። ይህ ለጎለመሰው ነው፤ ትንሹ በፖቱ እንዳለ ቀዝቀዝ ያለ ብርሃናማ ክፍል ውስጥ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ጠብ እያለለት ይክረም።

የእንግሊዝ አትክልተኞች ይህን እንደ ትልቅ ብልሃት ይጽፉታል። ይጻፉት፣ ተክሉን ካወቁት ቆይተዋል። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር አካባቢ አይቶ ሥዕሉን አሠርቷል፤ በ1853 ደግሞ የምጽዋው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን ወዳለው ኪው የዕፅዋት ማዕከል ልኳል። ግን ብልሃቱ የማን ነው? ጉራጌ ወይም ሲዳማ ገበያ የወጣ ሰው የእንሰት ችግኝ ቅጠሉ ተቆርጦ፣ ሥሩ ተከርክሞ፣ ያለ አፈር ታስሮ ሲሸጥ ያያል። ተገዝቶ ይተከላል፣ ያድጋል፣ እንደገና ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይዛወራል። አሚቾውና ግንዱ ውኃና ስታርች ስለሚይዙ ነው ያን ሁሉ የሚችለው። በለንደን ጋራዥ ክረምቱን የሚያወጣውም በዚሁ ጉልበት ነው። ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ የሚመገበው ተክል ሆኖ፣ አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን ከክትፎ ጎን ከምትቀርበው ቆጮ አልፈን አናውቀውም። ስለዚህ ዩቲዩብ ከመክፈታችሁ በፊት እንሰት ተክላ ላሳደገች አክስት ወይም አማት ደውሉ። በረዶ አይታ ባታውቅም አሚቾ መቼ እንደሚበሰብስ ታውቃለች።

ደግሞ ይህን ሰምታችሁ የቡና ተክላችሁን ቤዝመንት እንዳትከቱብኝ። ቡና ሌላ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ጫካ፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማይጥል ተክል ነው፤ ደርቆ መተኛት አይችልም። እሱን ሳሎን አስገቡት። መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ከሂተሩ ይራቅ፤ ደረቁ አየር የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል። አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ፣ ግን ረግረግም እንዳይሆን።

ኮባውን ግንቦት አጋማሽ ላይ አውጡትና ትከሉት። እንደወጣ ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ጥላ ሥር ይቆይ።