እህሉን ለማን ሸጡ?

ስለ ጣልያን ወረራ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ጓደኛችን ሁሉ ጀግናውን ጫካ ያስገባዋል፤ በድልም ይመልሰዋል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. በታተመው «አርአያ» መንገዱን ስለ ጠረጉልን እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን ሁላችንም በዚያው ብንሰለፍ ምን አዲስ ነገር እናመጣለን?

ሆላንዳዊው ሐሪ ሙሊሽ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ፥ ለጀርመን ያደረ ፖሊስ በመንገድ ላይ ይገደላል። ጎረቤቶች ሬሳውን ጎትተው በሌላ ሰው ደጃፍ ይጥሉታል። ጀርመኖች የዚያን ሰው ቤት ያቃጥላሉ፤ ከቤተሰቡም አንድ ልጅ ብቻ ይተርፋል። ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ጥያቄ «ወደ እኛ ለምን ጎተቱት?» የሚል ነው።

የእኛስ ጎረቤት? በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከቆረም ተነሥቶ ደሴ የገባው የጣልያን ጦር በብዛት ኤርትራውያን ወታደሮች የተሰለፉበት ነበረ። ውርጌሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በእንደዚህ ያለ መንደር ስንቅ የደበቀች ሴት፥ መንገድ የመራ ሰው፥ አይቶም ዝም ያለ ጎረቤት በአንድ ገበያ ቢገናኙ ምን ይባባላሉ?

«የሰው አያት ስም ይነሣል፤ ቁስል ይቀሰቀሳል» የሚሉን መምህራን አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ዳሩ ግን ስም መለወጥ ይቻላል፤ ልብ ወለድ መባሉስ ለዚሁ አይደለምን?

ለዕረፍት ወደ ውርጌሳና ወደ መርሳ የምንወርድ ተማሪዎች፥ ወላጆቻቸው ያወሯቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ገና አሉልን። ስለ ተኩሱ ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ ዓመት እህሉ ለማን እንደ ተሸጠም እንጠይቃቸው።