ድንጋዩ ይታሰር

የኮራል አኳሪየም ቤታቸው የሚያቆሙ ሰዎች የሚቀባበሉት አንድ ምክር አለ፤ ድንጋዩን አስተካክለህ ደርድረው፣ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል፣ ባሕር ውስጥስ ማን አጣበቀው የሚል። አጭርና ለጆሮ የሚጥም ስለሆነ ጀማሪው ሳይመረምር ይቀበለዋል። እኔ ግን ምክሩ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደረቅ ሳለ የነበረውን ክብደት ይዞ አይገባም፤ ባሕሩም ቢሆን ድንጋዩን ሳያጣብቅ አይተወውም።

ከባሕሩ ልጀምር። ጤነኛ ሪፍ የድንጋይ ክምር አይደለም፤ የተለሰነ ግንብ ነው። ከለሳኞቹ ዋነኛው ኮራላይን የሚባለው አልጌ ነው። ሮዝና ሐምራዊ ቅርፊት መስሎ በሞተው ኮራል ላይ ይነጠፋል፣ የሕዋሱን ግድግዳ በካልሲየም ካርቦኔት እያጠነከረ ስብርባሪን ከስብርባሪ ያያይዛል። ከዚያ በታች፣ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ፣ ከባሕሩ ውሃ የሚረጋው ማዕድን ክፍተቱን እንደ ሲሚንቶ ይሞላዋል። ይህ ማያያዣ ሲፈርስ የሚሆነውን ለማየት ኢንዶኔዥያ ትበቃለች። በፈንጂ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ሪፉን ባደቀቁበት ቦታ ስብርባሪው ልቅ ሆኖ ቀረ፤ የኮራል እጭ መጥቶ ቢያርፍበትም ሞገድ ድንጋዩን ባንከባለለው ቁጥር ይፈጫል ወይም ይቀበራል። እንዲህ ያለው ወለል ለብዙ ዓመታት ራቁቱን ይቆያል። በሱላዌሲ አቅራቢያ ባለችው በባዲ ደሴት የተገኘው መላ አሸዋ የተለበጠበትን የብረት መዋቅር እርስ በርስ አስሮ ወለሉ ላይ መቸከልና የኮራል ቁራጮችን በላዩ ማሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በዚህ መንገድ የታሰረ ሪፍ በ4 ዓመት ውስጥ በእድገቱ ከጤነኛው ጋር ተስተካክሏል። ማሰር ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ።

የክብደቱ ነገር ደግሞ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 1.025 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቀዳዳ የሌለው የኖራ ድንጋይ በሊትር 2.7 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ ደረቅ ሳለ 10 ኪሎ የነበረው ድንጋይ ቀዳዳው ውሃ ሞልቶት ሲሰምጥ ወደታች የሚጫነው ከ6 ኪሎ ጥቂት በሚበልጥ ክብደት ብቻ ነው። ድንጋይን በድንጋይ ላይ የሚያቆመው ሰበቃም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከሳምንታት በኋላ ድንጋዩን የሚያለብሰው አንሸራታች ሽፋን ሲጨመርበት የባሰ ነው። ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ንቅንቅ አለማለቱን ማየት ያታልላል የምለው ለዚህ ነው። በገንዳው ውስጥ ደግሞ የማያርፉ ቆፋሪዎች አሉ። ቀይ ባሕርን ጨምሮ በብዙ ሞቃት ባሕሮች ጎቢ ከሚባለው ዓሣ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖረውን ሽሪምፕ ተመልከቱ። ዓይኑ እምብዛም ስለማያይ አንድ አንቴናውን የጎቢው ገላ ላይ አሳርፎ፣ አሸዋውን በሁለት ጥፍሮቹ እየገፋ ያወጣል፤ ጎቢው ጅራቱን ሲያርገበግብ ተመልሶ ይገባል፣ አደጋው ሲያልፍ እንደገና ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ድንጋዩ የተቀመጠው አሸዋ ላይ ከሆነ የሚወጣው አሸዋ የድንጋዩ መሠረት ነው። 400 ሊትር ገንዳ 410 ኪሎ የሚሆን ጨዋማ ውሃ ይይዛል፤ የተናደው ድንጋይ መስተዋቱን ከሰነጠቀው ያ ሁሉ የሚፈሰው ሳሎን ውስጥ ነው።

ያለ ጭቃ የሚቆም ካብ አለ፣ የኮንሶ እርከን ምስክር ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በሚገባው ነው። ነገር ግን የኮንሶ ካብ ድንጋይን በድንጋይ ያቆላልፋል፣ ጀርባውን ለአፈር ይሰጣል፣ የሚጠግነው ሰውም አለው። የኮራል ገንዳ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ውሃ ከኋላ እንዲያልፍ ክፍተት፣ ዓሣ እንዲደበቅ ዋሻ፣ ኮራል ብርሃን እንዲያገኝ ወደ ፊት የወጣ ደረጃ። ኮራላይኑ ራሱ ያጣብቀዋል የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን ብዙ ወራት ይፈልጋል፣ በሚነቃነቅ መገናኛ ላይም አይያዝም። ማጣበቂያው መርዝ ነው የሚለው ስጋት ከረጋ በኋላ መሠረት የለውም፤ ኮራል አርቢዎች ቁራጮቻቸውን የሚያጣብቁት በዚያው በሱፐር ግሉ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ የታመመ ዓሣ ለማውጣት ስፈልግ እንዴት አፈርሰዋለሁ የሚለው ነው። ይህን አልንቀውም። መልሱ ግን ልቅ መተው ሳይሆን ድንጋዩን አንድ ሰው ሊያነሣቸው በሚችል ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን በየራሱ ማሰር ነው።

በሌላው ጽንፍ ሁሉን ነገር ለማጣበቂያ የሚተውትንም አልደግፍም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፤ የጎን ግፊት አይችልም። ኢፖክሲ ሊጥም አንሸራታች ድንጋይ ላይ ብቻውን አይዝም፤ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲጠነክር ነው ጉልበት የሚያገኘው። ስለዚህ ድንጋዩ ያለ ማጣበቂያ በሦስት ነጥብ ይቁም፤ ከዚያ በድሪል ይበሳና የፋይበርግላስ ወይም የአክሪሊክ ዘንግ ይግባበት፤ ማጣበቂያው በመጨረሻ ይምጣ። ብረት አይግባ፤ ይዝጋል፣ መዳብ ከሆነም ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይገድላል። የታችኛው ድንጋይ አሸዋው ከመፍሰሱ በፊት የገንዳው ወለል ላይ ይረፍ። ውሃውን ከመሙላታችሁ በፊት የላይኛውን ድንጋይ በእጃችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ አፍርሱትና እንደገና ሥሩት።