የአንድ ሲኒ ቡና በዓል



ባለፈው ዓመት የገና ዕለት ድፎ ዳቦ ይዤ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ቤት ገባሁ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ተጥዷል፤ ረከቦቱ ላይ ያለው ሲኒ ግን አንድ ብቻ ነው። ልጆቻቸው ያሉት ባሕር ማዶ ነው። «ለማን ብዬ ልደርድር ልጄ?» አሉኝ። ይህን እትም ያሰናዳነው ያ ሲኒ ከዓይኔ ስላልጠፋ ነው።

የ43 ቀኑ ጾም ተፈትቶ ሰፈሩ በዶሮ ወጥ ሽታ ሲታወድ፣ ሐዘን የተቀመጠ፣ ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ በድባቴ የተያዘ ወንድም ብቸኝነታቸው ይብስባቸዋል። «ምን ጎደለህ?» ስንል ደግሞ ዝምታቸውን እናከብደዋለን።

በውስጥ ገጾች ድባቴ ከተራ መከፋት በምን እንደሚለይ ታነባላችሁ። መከፋቱ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጸሎቱና ጠበሉ ሕክምናውን አይከለክሉም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው አንድን ሰው በፍቅር መጠየቅም ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ የታፈነውን እንዲናገር በር ይከፍትለታል። አለኝ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሕክምና አብራችሁት ሂዱ።

አደራችን አንድ ነው፤ «ብቅ በል» ከማለት «መጣሁ» በሉ። ጥምቀት አልፎ ሰፈሩ ጭር ሲልም ተመለሱ።

መልካም በዓል!

አዘጋጁ