ግማሽ መረጃ

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ባሕር የለንም። ከባሕር ላይ የመጣ አንድ ታሪክ ግን ለእኛም ይጠቅማል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ቦይንግ 767 አውሮፕላኑ 175 ሰዎችን ይዟል። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዱም አላመኗቸውም። ማስረጃቸው ለተሳፋሪ የሚቀመጠው የአየር መንገዱ መጽሔት ነበር፤ አውሮፕላኑ እስከ 11 ሰዓት መብረር ይችላል ይላል።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። የሚሠራው ግን ነዳጅ ሞልቶ ለተነሣ አውሮፕላን ነው። ያን ዕለት የተቀዳው ለዚያ አይበቃም ነበር።

ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ በትልቋ የኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ፣ ከጋላዋ ሆቴል አቅራቢያ፣ የኮራል አለት ባለበት ባሕር ላይ አሳረፉት። አውሮፕላኑ ተሰባበረ። የሆቴሉ እንግዶችና የአካባቢው ሰዎች ለእርዳታ ደረሱ። 50 ሰዎች ተረፉ፤ 125 ሞቱ።

ከሟቾቹ መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፎ ያዛቸው፤ ጠልቀው ወደ መውጫው መድረስ አቃታቸው። መመሪያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ «ይልበሱ»፣ ሌላው «ሲወጡ ይንፉ» ነው። አንዱ ያለ ሌላው ይገድላል።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬ ቁጥርን ማሳመር ነው። በምርጥ ዘር ማስታወቂያ ላይ «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» የሚለው በደማቁ ይጻፋል። ማዳበሪያው፣ የመዝሪያው ጊዜና ዝናቡ በደቃቅ ፊደል ከታች ይገባሉ። በቆሎ የሚዘራው የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን የሚከስረው በዚያች ደቃቅ ፊደል ነው።

ስለዚህ ቁጥር ሲነግሩዎት «መቼ? በምን ሁኔታ?» ብለው ይጠይቁ። የመድኃኒቱንም፣ የፀረ ተባዩንም መመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። ከቤትዎ ወደ ውጭ አገር የሚበር ልጅ ካለም ከምርቃቱ ጋር ይህን ይንገሩት፤ ጃኬቱን መቀመጫህ ላይ ልበስ፣ የምትነፋው ግን ከበሩ ስትወጣ ነው።