ስለ ሠራተኛው የሚናገር አስቀድሞ ሠራተኛውን ይጠይቅ

በ1969 ዓ.ም. ሁለት የሠራተኛ መሪዎች ተገደሉ። ቴዎድሮስ በቀለ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። ማርቆስ ሐጎስ ደርግ ያፈረሰው የቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የተሰለፉት ከኢሕአፓ ጋር ነበር። ሁለቱም በሠራተኛው ስም ይናገሩ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ የሚፈትለውን ሠራተኛ ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው ማን ነው? በዚያ ዘመን ግለኝነት «የንዑስ ከበርቴ ጠባይ» ተብሎ ይወገዝ ነበር። መስመሩን ፓርቲው ያወጣል፤ ከአባሉ የሚጠበቀው መከተል ነው።

የግለሰብን ኅሊና የሚያስቀድም ፍልስፍና እነዚህን መሪዎች ሊለውጣቸው ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለዚያም ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር። የደራሲው ማንነት እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ እዚሁ አገር አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ ሲፋጁ፣ ፈላስፋው የሁለቱንም ትርጓሜ እያስተማረ ለአንዱም ሳይወግን ቀረ። ተከሶ ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሸሸ፤ መንገድ ላይ ባገኘው ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ ይዞት የወጣው ሐሳብ፣ ሰው ሁሉ እውነትን በገዛ ልቡናው ይመርምር የሚል ነው። ይህን የተቀበለ የማኅበር መሪ የተለየ ሐሳብ ያለውን አባል «አድኃሪ» ብሎ አያሳድድም፤ ያልተወከለበትንም አይናገርም።

«ግለሰብን ካስቀደምን ማኅበሩ ይፈርሳል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ብቻውን የቆመ ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ደመወዝ መደራደር አይችልም። ነገር ግን የአንኮበርን ገበሬ ወንፈል ተመልከቱ። እያንዳንዱ ወዶ ይገባል፤ የሠራው ቀን ይቆጠርለታል፣ በተራው ይመለስለታል። ኅብረቱ የጸናው የማንም ድርሻ ስለማይዋጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ዛሬ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥር ሠራተኞች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ለሥራ ማቆም አድማም ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ የአብላጫውን ድጋፍ ይጠይቃል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አለቃውና ጓደኛው እያዩት እጁን የሚያወጣ ሰው ኅሊናውን ሳይሆን ፍርሃቱን ሊከተል ይችላል።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎቻችንን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ምርጫውም የአድማ ውሳኔውም በምስጢር ድምፅ ይሁን። የተቃወሙትም ቁጥር በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ተቃውሞን በወረቀት ላይ ለመቁጠር የሚፈራ መሪ የሠራተኛ መሪ ሊባል አይገባውም።