ልጥ ስንልጥ የምንቆርጠው ምኑን ነው?

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት በአንድ ግራር ጉዳይ ነው። ያደግሁት ዝቋላ ወረዳ ከጽጽቃ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ከብት ጠባቂ ሳለሁ፣ ለቡሄ ጅራፍ የሚሆን ልጥ ፍለጋ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ግራር ላይ ተረባረብን። ወሩ ነሐሴ ስለነበር ልጡ ሳያስቸግር ይላጣል። አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ሲስብ ግንዱን ዙሪያውን ራቁቱን አስቀረነው። ያን ዓመት ዛፉ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር፤ ቅጠሉም እንዳለ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ቆሞ ደረቀ። ሰው ሁሉ "ድርቁ ነው" አለ፤ እኔም አመንኩ። የእኛን ጅራፍ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ነገሩ የገባኝ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ያውም በፕራክቲካል ሰዓት ሳይሆን ብቻዬን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ። በፕራክቲካሉ የሠራነውን ታስታውሳላችሁ፤ ነጭ አበባ ከነዘንጉ ቀይ ቀለም ውስጥ ነክረን፣ በማግስቱ አበባው ላይ ቀይ መስመር ስናይ ተደሰትን፣ ሪፖርት ጻፍን፣ አለቀ። ያ ቀለም የወጣው በዛይለም ነው። ዛይለም ውሃንና በውሃው የሟሙ ማዕድናትን ከሥር ወደ ላይ የሚያደርስ፣ የሞቱ ህዋሳት የሠሩት ቀጭን ቧንቧ ነው። ከታች የሚገፋ ሞተር የለውም። ቅጠሉ በትነት ውሃ ሲያጣ፣ እርስ በርሱ የተያያዘው ውሃ እንደ ገመድ ከላይ ይሳባል።

ሁለተኛውን መንገድ፣ ፍሎየምን፣ ግን ቀለሙ አላሳየንም። ፍሎየም ሕያው ህብረ ህዋስ ነው። ቅጠል በብርሃን አስተፃምሮ የሠራውን ስኳር ወደ ሥር፣ ወደ ፍሬና ወደ ለጋ ቅርንጫፍ ያደርሳል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንሽ እ.ኤ.አ. በ1930 እንዳብራራው፣ ስኳር በቅጠሉ በኩል ሲከማች ውሃ በኦስሞሲስ ይገባል፤ ከዚያ የሚፈጠረው ግፊት ስኳሩን ወደሚፈለግበት ቦታ ይነዳዋል። ዛይለም እንጨቱ ውስጥ ሲሆን ፍሎየም ያለው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ለመሆኑ ከቅርፊት ሥር ያለውን እኛ ምን እንለዋለን? ልጥ! ፈረንጅ ፍሎየም ያለውን እናቶቻችን ሸክም ሲያስሩበት ኖረዋል።

እንግዲህ የዚያ ግራር ምስጢር ይኸው ነው። ልጡን ስንልጥ እንጨቱን አልነካነውም፤ ስለዚህ ውሃው መውጣቱን ቀጠለ፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ሆኖ ቆየ። ወደ ታች የሚሄደው ምግብ ግን ተቋረጠ። ሥሩ ያጠራቀመውን በልቶ ሲጨርስ ሞተ። ሥር ሲሞት ደግሞ ውሃ የሚያመጣ የለም። እኛ ሲደርቅ ያየነው ቅጠሉን ነው፤ ቀድሞ የሞተው ግን ሥሩ ነው።

ይህን የማነሳው ያለቀለትን ግራር ለማልቀስ አይደለም። በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሰሃላ ቆላ ያለው የእጣን ዛፍ ጉዳይ ስለሚያሳስበኝ ነው። እጣን የሚመረትባቸው ቀጫጭን ቦዮች በዋናነት ያሉት በዚሁ በውስጠኛው ልጥ ነው። ለቃሚው ቅርፊቱን ሲያቆስል የሚቆርጠው የምግቡን መንገድ ነው ማለት ነው። በርግጥ ቁስሉ ግንዱን አይዞርም፤ ዛፉም እንደ እኛ ግራር ወዲያው አይሞትም። ግን አስቡት፤ ይህ ዛፍ ቅጠል የሚኖረው በክረምት ወራት ሲሆን የሚቆስለው ደግሞ ቅጠል በሌለው በበጋ ነው። የሚፈሰው እጣን በአብዛኛው ከክረምት ቁጠባው የወጣ ነው። ኤርትራ ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ካልቆሰሉ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል ከቆሰሉት ዘር የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ነበር። እነ ፍራንስ ቦንገርስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ካዩአቸው የእጣን ደኖች ከሦስት አራተኛው በላይ ለጋ ዛፍ አልተገኘባቸውም፤ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ብለዋል። ጥፋቱ የመቁሰሉ ብቻ አይደለም፤ ልቅ ግጦሽና ሰደድ እሳትም አሉበት።

ይህንን ለአጎቴ ነገርኩት። እሱ እጣን ለቅሞ ነው ልጆች ያሳደገው። "አንተ ልጅ፣ ክረምት ሲመጣ ያው ቅጠል ያወጣ የለም እንዴ? ምን ሆነ ትላለህ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ዛይለም፣ ፍሎየም ብለው ምን ይገባዋል? በኋላ ግን የግራሩን ታሪክ አንስቼ "ልጡን ስንልጠውኮ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር" ስለው ዝም ብሎ ቆየና "እሱስ እውነት ነው" አለ።

ታዲያ እኔ በበኩሌ የምለው ይህን ነው። በፕራክቲካል የምናሳየው ግማሹን ትምህርት ነው፤ ለአካባቢያችን የሚያስፈልገው ደግሞ ያልታየው ግማሽ ነው። ማሟላቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳደረገው፣ ከግቢያችን ዛፍ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ (ግንዱን አደራ እንዳትነኩ!) ዙሪያዋን በቀለበት መልክ ልጧን ማንሳትና ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ነው። ወደ ታች መሄድ ያቃተው ምግብ ከቁስሉ በላይ ሲያብጥ በዓይናችን እናያለን። ስሙንም ከፍሎየም ጋር "ልጥ" ብለን እንማረው።

አንድ ጓደኛዬ "የራበው ሰው ስለ ፍሎየም ምን አገባው?" ብሎኛል። ትክክል ነው፤ እጣን አትልቀሙ የማለት መብትም ፍላጎትም የለኝም። ግን እጣኑ በልጡ ውስጥ ካለ እስከ እንጨቱ መቁረጥ ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም። የቁስሉን ቁጥር በዛፉ ውፍረት ልክ ማድረግና ዛፉን በየተራ ዓመት ማሳረፍም የነገን እንጀራ ማቆየት ነው። ይህን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ማን ነው? ነገ ተመርቀን ወደ ቆላው የምንሄደው እኛ አይደለንም እንዴ?

ሽማግሌዎቻችን ሞት የቀረበውን ሰው "ልጡ የራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ" ይሉታል። ለዛፍ ግን ልጡ ዙሪያውን ከተላጠ፣ ቅጠሉ ቢለመልምም ጉድጓዱ ተምሷል።