ወርቁ መራጩን አያጸድቅም

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የፓሪስ ኦሊምፒክን የወንዶች ማራቶን ማንኩሽ ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ አየሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ሙቀቱ ግን እንደ ማንኩሽ ነው፣ አልበረደም። ታምራት ቶላ ብቻውን መስመሩን ሲረግጥ ሰዓቱ 2:06:26 ይላል። ሳሙኤል ዋንጂሩ ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ ተሻሻለ። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ ለ24 ዓመታት የራቀን የወንዶች ማራቶን ወርቅ ተመለሰ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከግድቡ ሥራ የወጣ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ የሁላችንንም ሻይ ከፈለ።

ከፈለና እንዲህ አለ፦ «አያችሁ? ፌዴሬሽኑ ምርጫ አያውቅም ስትሉ ነበር። ይኸው ወርቅ!»

የጋበዘኝን ሻይ እየጠጣሁ መልስ መስጠት ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ወንድሜ፣ ታምራት እኮ አልተመረጠም። ተጠባባቂ ነበር። የተመረጡት ሦስቱ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ናቸው። ሲሳይ ተጎድቶ ባይወጣ ኖሮ ታምራትም እንደኔና እንዳንተ ውድድሩን በቴሌቪዥን ያይ ነበር። እንግዲህ ያ ወርቅ የመራጮቹ ብልሃት ነው የምንለው በምን ሒሳብ ነው? የገዛ ወርቃችንን ከሰልፉ ውጪ አስቀምጠነው ነበር፤ በጉዳት ሰበብ ተመልሶ መጣልን። ይህንን «ምርጫ» ብሎ ማመስገን፣ በሩን ሳይቆልፍ ተኝቶ ሌባ ያልገባበት ሰው «ጎበዝ ጠባቂ ነኝ» እንደሚለው ነው።

ሦስቱ የማይገባቸው ነበሩ እያልኩ አይደለም። ሲሳይ በዚያው ዓመት ቫሌንሺያን በ2:01:48 አሸንፏል፤ ቦስተንንም ደግሟል። ደሬሳ ሴቪያን በ2:03:27 አሸንፏል። ቀነኒሳ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። በሰዓት ከሄድን ምርጫው ያስኬዳል። ዘመድ የለበትም፣ ጉቦ የለበትም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እኛ ምርጫ ሲበላሽ የምናውቀው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ «ዘመድ ነው»። ኧረ ሁሉም ነገር ዘመድ አይደለም! ንጹሕ እጅ ያለው ሰውም በተሳሳተ ሚዛን ሊመዝን ይችላል።

የፓሪሱን መንገድ አስታውሱ። ከከተማው አዳራሽ ተነስቶ ወደ ቬርሳይ የሚወጣ፣ ከዚያ የሚመለስ፣ በጠቅላላው 436 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚያስወጣ ማራቶን ነበር። ቫሌንሺያና ሴቪያ ግን ሜዳ ናቸው፤ ሰዎች ወደዚያ የሚሄዱት ሰዓት ለማሻሻል ነው። ታምራት ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ድልድዩና ዳገቱ በማያልቀው የኒውዮርክ መንገድ 2:04:58 ሮጦ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየውን የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አሯሯጭ በሌለበት፣ ሰዓት ሳይሆን ሰው በሚሸነፍበት ውድድር ማለት ነው። «የፓሪሱ ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱ አጠገቡ ነበር። «ማን ፈጣን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ታምራትን አራተኛ አደረገው። ታምራት ተፎካካሪዎቹን ያራገፈውም ዳገቱ ላይ ነው።

ይህን የምለው ጥበበኛ ስለሆንኩ አይደለም። እኔ ራሴ በተሳሳተ ሚዛን የተመረጥኩ ሰው ነኝ።

የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት፣ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ በቅርጫት ኳስ ቡድናችን ውስጥ ለአንድ ቦታ ሁለት ነበርን። ቦታው በዓለም ቋንቋ ፖይንት ጋርድ የሚሉት ነው፤ እኛ ኳስ አከፋፋይ እንለዋለን። ኳሷን ከኋላ እያነጠረ የሚያመጣ፣ ጨዋታውን የሚያይ፣ ለማን መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እኔ ልምምድ ላይ ብዙ አገባ ነበር። ከሩቅ እወረውራለሁ፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፣ አሰልጣኙ ፈገግ ይላል። ሌላው ከአባይ ዳር የመጣ፣ አጠር ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ልጅ ነው። እሱ ሲገባ ረጅሙ የመሀል ተጫዋቻችን ድንገት ጎበዝ ይሆናል። እኔ ስገባ ያው ረጅም ልጅ እጁን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ኳስ እየጠበቀ፣ እንደ መብራት እንጨት ቆሞ ይቀራል። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ቋሚ ተሰላፊ ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ልጁ አልጮኸም። ልምምድ ሲያልቅ ወደ አሰልጣኙ ሄዶ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ቲቸር፣ መለኪያው ምንድን ነው? እንድሠራበት ነው» አለ። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአንገቱ እያወለቀ፣ «መለኪያው እኔ ነኝ። አርፈህ ቁጭ በል» አለው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን። እኔ የቡድኑ ከፍተኛ ነጥብ አግቢ ነበርኩ። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ አንብቧቸው። ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እሱ ሲገባ ረጅሙ ልጅ በተከታታይ ሦስት ጊዜ አገባ፤ ግን መሽቶ ነበር። በሳምንቱ ልጁ ማሊያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ መለሰ። ዳግመኛ ሜዳ ላይ አላየሁትም። እኔም አንድ ቀን እንኳ «ቦታው ያንተ ነበር» አላልኩትም። ከዚያ ሁሉ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

ኋላ ላይ ነው የቦታውን ትርጉም የተረዳሁት። ስቲቭ ናሽ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ሲመረጥ በጨዋታ በአማካይ 15.5 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ያቀበለው ግን 11.5 ነው። መራጮቹ የሥራውን ባሕርይ አይተው መዘኑ። አሰልጣኛችን ግን ለማቀበል ሥራ የማግባት ፈተና ሰጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሥራውን ስም ያውቃል፣ ሥራውን ግን ቁጭ ብሎ ጽፎት አያውቅም።

ይህ ስህተት በትልቁ ሲደገም አይተናል። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ቡድን ለመምረጥ ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ቀነኒሳ አልሮጥም አለ። ብዙዎቻችን «በአደባባይ ሮጦ ያሸነፈ ይሂድ፣ ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?» አልን። እኔም ብዬ ነበር። እውነትም ግልጽ ነበር። ግን ሰበታ ቀዝቃዛ ደጋ ነው፤ ውድድሩ የሚካሄድበት ሳፖሮ በነሐሴ ሙቀትና ወበቅ ነው። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ሄዱ፤ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። የሚያቋርጠው ጎበዝም ነውና እነሱን አልወቅስም። ግን ግልጽነት ብቻውን አይበቃም፤ ፈተናው ሥራውን መምሰል አለበት።

ከዚያ በፊት ሪዮ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ቀነኒሳ ለንደን ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ከቡድኑ ተተወ፤ ቅሬታውንም በይፋ አሰማ። ወሩ ዞሮ መስከረም ላይ በርሊንን በ2:03:03 አሸነፈ። አሁን የሻይ ቤቱ ወዳጄ ይነሳና፣ «ታዲያ ፈይሳ ሌሊሳ ብር አምጥቶ የለም እንዴ? ምርጫው ትክክል ነበር!» ይለኛል። ፈይሳ ብሩን አምጥቷል፤ እግሩ የፈይሳ ነው፣ ክብሩም የፈይሳ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ቀነኒሳ ለንደን ከመሮጡ በፊት ምን ቢያደርግ እንደሚመረጥ በጽሑፍ ያውቅ ነበር ወይ? የሚያውቅ ሰው ሲተው ያዝናል፤ የማያውቅ ሰው ሲተው ይበደላል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

ቀነኒሳን የምትወዱ አትቀየሙኝ፤ እኔም እወደዋለሁ። ፓሪስ ላይ በ42 ዓመቱ ሮጦ 39ኛ ሆኖ ሲጨርስ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ግን ሪዮ ላይ የተከፋ ሰው ከ8 ዓመት በኋላ ተመረጠ ማለት ሚዛኑ ተስተካከለ ማለት አይደለም።

«ውጤት ካመጣ ምን ቸገረን?» የሚለው ክርክር ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ውጤት የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምርጫ የሚደረገው መጀመሪያ ላይ ነው። መራጭ የሚጠየቀው በእጁ በነበረው መረጃ ምን አደረገ ተብሎ ነው። ሎተሪ የደረሰው ሰው የሒሳብ ባለሙያ አይሆንም። ውጤትን መዳኛ ካደረግነው ደግሞ የተሳሳተው ሁሉ አንድ ቀን ዕድል እስኪቀናው ይጠብቃል እንጂ አይማርም።

«አሰልጣኝ ዓይን አለው፣ ሁሉም ነገር በወረቀት አይለካም» የሚሉኝ አሉ። ይኸኛው ጥሩ ክርክር ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። የልጁን ጽናት፣ የቡድኑን ፍቅር በቁጥር አልይዘውም። ግን ዓይን ያለው ሰው ያየውን መናገር አያቅተውም። «አንተን ያላስገባሁህ ጫና ሲበዛብህ ኳስ ስለምትጥል ነው» ማለት ይችላል። ይህን ማለት ካቃተው ያየው ነገር የለም፤ ወይም ያየውን ለመናገር ያፍራል። «መለኪያው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ዓይን አለኝ ማለቱ ሳይሆን አትጠይቁኝ ማለቱ ነው።

ደግሞ ወረቀትን የናቀ ሰው ወረቀት እንደሚጥለው በ2005 ዓ.ም. አይተናል። ዋሊያዎቹ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በዚያ ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት፤ መሰለፍ አይችልም ነበር። ሦስት ነጥባችን ተነጠቀ። በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ አሸንፈን «ምድቡን ጨረስን» ብለን ስንጨፍር ያ ጉድ ተሰማ። እንደገና ብራዛቪል ድረስ ሄደን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ማሸነፍ ግድ ሆነ። ተጫዋቹ ምን ያድርግ? የቋሚዎች ዝርዝር የጽሕፈት ሥራ መሆኑን የረሳው ሌላ ነው።

እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሲበደሉ ጋዜጣ ይጽፍላቸዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጋዜጣ የማይጽፍለት ነው። ማንኩሽ ላይ ሆናችሁ አስቡት። አሶሳ ከአባይ ማዶ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። የዚህ ከተማ ልጅ መራጭ አያውቅም፣ መራጭም አያውቀውም። አጎቱ ስልክ አይደውልለትም። በእጁ ያለው ብቸኛ ነገር አስቀድሞ የተነገረ መለኪያ ነው፤ «ይህን ያህል ብትሮጥ፣ ይህን ብታደርግ እናይሃለን» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት። መለኪያው ሰው ከሆነ ሰውየው ያለበት ቦታ የሚኖር ልጅ ይጠቀማል፤ መለኪያው ጽሑፍ ከሆነ ጽሑፉ ማንኩሽም ይደርሳል። ለዚህ ነው ነገሩ የስፖርት ወሬ ብቻ የማይሆንብኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። መጀመሪያ ሥራው ይጻፍ፤ ዳገት ነው? ሙቀት ነው? ማቀበል ነው? ቀጥሎ ሥራውን የሚመስል መለኪያ ይውጣ፤ ከወራት በፊት ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የተተወው ሰው ምክንያቱ ፊት ለፊት ይነገረው። አራተኛ፣ ተጠባባቂው እንደሚሮጥ ሰው ይዘጋጅ፤ ታምራት በሁለት ሳምንት ጥሪ ወርቅ ያመጣው ራሱን ዝግጁ አድርጎ ስለጠበቀ ነው።

ማውራት ቀላል ነው አትሉኝም? እኔም አሁን መራጭ ነኝ። ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ በያጅ ባስበየድነው ቀለበት ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ባለፈው ዓመት የሴቶቹን ኳስ አከፋፋይ ስመርጥ መለኪያውን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፦ የጣለችው ኳስ፣ ለግብ ያቀበለችው፣ ተከላክላ የቀማችው። ሦስት ሳምንት በደብተር ቆጠርኩ። ስም ስለጥፍ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣች።

«ቲቸር፣ ማቀበል ብለው ጽፈዋል። የቆጠሩት ግን የገባውን ብቻ ነው። እኔ አቀብዬ ሌላዋ ብትስት የኔ ጥፋት ነው?»

ፊቴ ተቃጠለ። ትክክል ነበረች። ዝርዝሩን ቀድጄ አንድ ሳምንት ድጋሚ ቆጠርኩ። ልዩነቱ በጣም ጠበበ፤ ግን አልተገለበጠም፤ ኳስ ትጥላለች። አሁንም ተጠባባቂ ናት። ለምን እንደሆነች ታውቃለች፣ ምን እንደሚቀራትም ታውቃለች፤ ማታ ማታ ቀለበቱ ሥር በግራ እጇ ስታነጥር አያታለሁ።

ማሊያዋን አልመለሰችም።